ለቻይናዊቷ የተላከው ምላስ

እትዬ ሆስፒታል አልሄድም ብላ የማለችው ገና ሳትታመም ነው። እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ከኔ ብዙ ዓመት ቀድማ በሱዳን በኩል ተሰዳ ኮሎምበስ ገብታ፣ ሠርታ፣ ቤት ገዝታ፣ እኔ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ምድር ቤቱን አጽድታ የተቀበለችኝ እሷ ናት። ወረርሽኙ በገባ በመጀመሪያው ክረምት ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ አባት በአምቡላንስ ተወሰዱ። ልጆቻቸው ከሆስፒታሉ በር እንዳያልፉ ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ አባታቸውን ያዩት በስልክ ብቻ ነበር፤ አፋቸው ውስጥ ቱቦ ገብቶ፣ ፊታቸው አብጦ። ከቀብራቸው ስንመለስ እትዬ ካፖርቷን እንኳን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ቆማ፣ «እኔን እንዲህ አታደርጉኝም» አለች። «ከሞትኩም እዚሁ አልጋዬ ላይ፣ ሰው እያየኝ። እመብርሃን ምስክሬ ናት።»

ባሏ ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ዝምተኛ ነው። የዚያ ቤት ትዳር የቆመው እሷ ተናግራ እሱ ራሱን ነቅንቆ ነው። እኔ ግን ያን ዕለት ፈራሁ። እትዬ ስትምል ቀልድ አታውቅም። አንዴ የአንዲት ጓደኛዋን ደጃፍ አልረግጥም ብላ ምላ፣ ሴትየዋ ከተማውን ለቅቃ እስክትሄድ ድረስ ያንን መንገድ በመኪና እንኳን አላለፈችበትም።

የፈሩት ይደርሳል ነውና ደረሰ። ከማን እንደያዘን አናውቅም። እኔ ኦቤትስ በሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ፣ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ስገፋፋ ነው የምውለው፤ ጋሼ በመኪናው ሰው ሲያመላልስ ይውላል፤ እትዬ አዛውንቶች ትንከባከባለች። እኔና ጋሼን ራስ ምታትና ትኩሳት ብጤ ነካክቶ ለቀቀን። እሷን ግን ያዛት። ሳሉ ከሆዷ ሥር ነው የሚነሳው፤ ሲጀምራት አልጋው አብሯት ይንቀጠቀጣል።

ጠያቂ ቤት መግባት ስለማይችል ሁሉም ያመጣውን በር ላይ አስቀምጦ ደወል ደውሎ ይሮጣል። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ አንዷማ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከየት አባቷ እንዳገኘችው እንጃ በፌስታል ሞልታ አመጣች። እትዬ ሁሉንም ጠጣች፣ በሁሉም ታጠነች። አልተሻላትም። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ፍለጋ ፋርማሲዎቹን ሁሉ አዳረስኩ፤ አልቋል። ሆስፒታል የሚለውን ቃል ባነሳሁ ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

በዚህ መሃል መጋዘን አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደወለች። ባሏን ወር ሙሉ አላስተኛ ያለውን ሳል አንዲት ቻይናዊት የባህል ሐኪም በቅጠልና በሥር እንደገላገለችው ነገረችኝ። ሱቋ በስተሰሜን፣ ወደ ሉዊስ ሴንተር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ለእትዬ ነገርኳት፤ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ቀና አለች።

«ቅጠል ነው?»

«ቅጠል ነው። ተቀቅሎ የሚጠጣ።»

«ቅጠል ከሆነ እጠጣለሁ። ቅጠል የእግዜር ነው» አለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ እኔም የመኪናዬን ቁልፍ አንስቼ ወጣሁ።

ሱቁ ከአንድ ልብስ ንጽሕና መስጫና ከአንድ ፒዛ ቤት መሃል የተቀረቀረ ጠባብ ቤት ነው። ሐኪሟ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማ ነው የምታናግረው፤ ማስክ አድርጋለች፣ በላዩ ላይ ደግሞ ፕላስቲክ ፊቷን ጋርዷል። ከኋላዋ ከወለል እስከ ጣሪያ ትንንሽ መሳቢያ ነው። ሽታው ድርቆሽና ቅመም የተቀላቀለበት ነገር ነው። በዕድሜ ከእትዬ ብዙም አትርቅም። ብዙ ጠየቀችኝ። ያልባታል? ይጠማታል? ስትጠማ የሚያምራት ሙቅ ነው ቀዝቃዛ? አክታዋ ምን ይመስላል? ፈራ ተባ እያልኩ የማውቀውን መለስኩ። በመጨረሻ፣ «ምላሷን ማየት አለብኝ» አለች።

ልትመጣ እንደማትችል ነገርኳት። «እንግዲያው ፎቶ ይላኩልኝ፤ ምላሷን ሳላይ መድኃኒት አልሰጥም» አለች። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቤት ደወልኩ።

«ምኔን?» አለች እትዬ።

«ምላስሽን። አውጪና ጋሼ ፒክቸር ያንሳሽ፤ ቴክስት ያድርግልኝ።»

«ምላሴን አውጥቼ ለማላውቃት ሴት? እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?» ሳሉ አቋረጣት። እስኪያባራላት ጠበቅሁ። እኛ ባደግንበት ቤት ምላሱን ያወጣ ልጅ ጭኑ ይላጥ ነበር። እትዬ ራሷ ናት የምትቆነጥጠን። ቢሆንም ለመንኳት፤ አለቀስኩባት፤ ሴትዮዋ እየሰማች በማታውቀው ቋንቋ ተነፋረቅሁ። በመጨረሻ እትዬ «እሺ፣ ጠብቂ» ብላ ዘጋችው።

ትንሽ ቆይቶ ፎቶው መጣ። ሰፊ፣ ቀላ ያለ፣ እርጥብ ምላስ። ከምላሱ በቀር ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ሐኪሟ ስልኬን ተቀብላ በጣቷ እየለጠጠች አየችው፤ ዳር ዳሩን አየች፣ ሥሩን አየች። ከዚያ ዓይኖቿ ከፕላስቲኩ ኋላ ፈገግ አሉ። «መልካም ነው። በሽታው ገና ላይ ላዩን ነው፤ ወደ ውስጥ አልዘለቀም» አለች። የተመጠኑ ደረቅ ቅጠሎችና ቅርፊቶች በወረቀት ቋጥራ ሰጠችኝ፤ እንዴት እንደማፈላው አሳየችኝ። ከዚያ ክንዴን ሊነካ በተቃረበ ጣቷ እየጠቆመች፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ከቀባዠረች ይህ የቅጠል ጉዳይ አይደለም፣ ቀጥታ አምቡላንስ ነው፣ እኔ የሆስፒታል ምትክ አይደለሁም አለችኝ። ሰምቻታለሁ። ልቤ ውስጥ የቀረው ግን «ላይ ላዩን ነው» ያለችው ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

መድኃኒቱን ሳፈላው ቤቱ በሙሉ እንደ ረጠበ ቅርፊት ሸተተ። እትዬ አፍንጫዋን ይዛ ጨለጠችውና ፊቷን አጨማደደች። «ቻይናዎቹም ኮሶ አላቸው እንዴ?» አለች። ሳቅን። ለጠያቂዎቹ ሁሉ ደወልኩ፤ ምላሷ ታይቷል፣ ላይ ላዩን ነው ተብሏል አልኩ። ጠያቂዎቹም ለሌሎች ደወሉ፤ ስለ እትዬ ምላስ ያልሰማ የኮሎምበስ ሐበሻ የቀረ አይመስለኝም።

በማግስቱ ትኩሳቷ ጋብ አለ። እሰይ አልን። ግን አንድ ነገር አልጥም አለኝ፤ እትዬ መቆጣት ተወች። ሾርባውን ጨው አብዝቼባት ዝም ብላ ጠጣችው። የእትዬ ጤና የሚለካው በቁጣዋ ነው፤ እኔ ሌላ መለኪያ አላውቅም። ስታወራኝ ሁለት ቃል ተናግራ ታርፋለች፣ ደግሞ ሁለት ቃል። ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ይነሳል ይወድቃል። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ደህና… ነኝ… እግዚአብሔር… ይመስገን» ትላለች። ምላሷ ደህና ነው፣ ምላሷ ደህና ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ራሷ ደወለች። መድኃኒት ለሰጠችው ሰው ሁሉ እንዲህ ትደውል እንደሆነ አላውቅም። «በቪዲዮ አሳዪኝ፤ ድምጿን መስማት እፈልጋለሁ» አለች። ስልኩን ወደ እትዬ አዞርኩት። እትዬ ነጠላዋን አስተካክላ «ደህና ነኝ» አለች፤ አስተረጎምኩ። ሐኪሟ አልረካችም። «በራስዋ ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ የቻለችውን ያህል ትቁጠር» አለች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» አለች እትዬ። አራትን ጀምራ አልጨረሰችውም። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

የሐኪሟ ፊት ተለወጠ። ስልኩን አስጠግታ የእትዬን ከንፈር አየች። «ትናንት ያየሁት ምላስ የዚህች ሴት አይደለም» አለችኝ።

«የሷ ነው» አልኳት። እንዲያውም ተቆጣሁ። «ከቤት ነው የተላከው፤ የሷ ነው!»

«አይደለም። አሁን ታሳየኝ።»

ለእትዬ ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያኔ ነው ጋሼን ያየሁት። አልጋው እግርጌ ቆሞ ምንጣፉን ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል።

«የኔ ነው» አለ።

«ምንህ?»

«ምላሱ። ‹አንተ አውጣ› አለችኝ፤ አወጣሁ።»

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ጋሼ በሷ ፊት አፉን ሲከፍት ያኔ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። የጤነኛ ሰው ምላስ ታይቶ በተሰጠ ተስፋ ስንደንስ፣ እሷ ከጎናችን እየሰመጠች ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የምትለን እሷ አልነበረች? ምላስ ማሳየት የሚያሳፍረው ሰው ሞት እንዴት አያስፈራውም?

ሐኪሟ በስልኩ ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታወራ ሰማኋት። «መድኃኒቴን ከዚህ በኋላ አትስጪያት። አሁኑኑ አምቡላንስ ጥሪ። ሰማሽኝ? አሁን።»

እትዬ ሰምታለች። «ምያለሁ» አለች፣ ግድግዳውን እያየች።

አልጋዋ ላይ ወጥቼ ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩት። ታላቄን እንዲያ ነክቼ አላውቅም። «ሰው እያየኝ ልሙት አልሽ። የሚያየው ሰው እኔ ነኝ እኮ፣ እትዬ! እኔ ማየት አልችልም። እፈራለሁ። ምያለሁ አትበይኝ፤ መሐላሽን ለኔ አውርሺኝና ኃጢአቱን እኔ ልሸከመው» አልኳት። ከኋላዬ ጋሼ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው የቤቱን አድራሻ ለሆነ ሰው ደጋግሞ ሲናገር ሰማሁ። እሷን ሳያስፈቅድ ነው የደወለው።

የአምቡላንስ ሰዎቹ መለኪያውን ጣቷ ላይ ሰኩት። አንዱ ቁጥሩን አየና ቀና ብሎ ጓደኛውን አየው፤ ምንም አልተባባሉም፤ እጃቸው ግን ፈጠነ። ጋሼ ጫማውን አድርጎ ተከተላቸው። አይቻልም አሉት። መንገዱ ዳር በረዶው ላይ ቆሞ ቀረ።

እኔ በመኪናዬ ተከትያቸው ዳውንታውን ሄድኩ፤ የትም እንደማልገባ እያወቅሁ። ከሆስፒታሉ አጠገብ ያለው የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ላይ ቆሜ ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ነርሷ ደውላ ምን ምን ስትወስድ እንደነበር ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፌጦውን፣ ዳማከሴውን፣ የቻይናዊቷን ቋጠሮ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። የቅጠሎቹን ስም ፈለጉ። ለቻይናዊቷ ደወልኩላት፤ የሰጠችኝን አንድ በአንድ ስሙንና መጠኑን ወዲያው ጽፋ ላከችልኝ፣ ለነርሷ አስተላለፍኩ።

መጀመሪያ በማስክ ኦክስጅን ሰጧት። አልበቃትም። ቀናት አልፈው፣ ሐኪሞቹ ቱቦ ሊያስገቡላት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ለሷም በሆስፒታሉ አስተርጓሚ ነግረዋታል። እሷ ግን እህቴን ካላናገርኩ ብላለች። የፈራሁት ጥሪ እሱ ነበር። ልጆቹ ያሳዩንን ፎቶ፣ የእኚያን አባት ያበጠ ፊት፣ ሁለታችንም አይተነዋል።

ነርሷ ስልኩን ያዘችላት። የኦክስጅኑ ፉጨት ድምጿን ይውጠዋል።

«እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«ፈራሁ» አለች።

ሕይወቷን ሙሉ ያን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። በረሃ ስታቋርጥ አልፈራሁም ነበር የምትለው። «እኔም ፈርቻለሁ» አልኳት። «እድን ይሆን?» አለችኝ። ትድኛለሽ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። «አላውቅም፣ እትዬ። ካላስገቡልሽ ግን አትድኚም ብለውኛል።» የምሰማው ፉጨቱን ብቻ ነው። ከዚያ «ያስገቡ» አለች። «ስልኩን… አትዝጊው።» አልዘጋሁትም። ነርሷ ይቅርታ ጠይቃኝ እስክትዘጋው ድረስ በጆሮዬ ይዤው ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ መጠበቅ ነው። በየቀኑ እደውላለሁ፤ «ያው ናት» ይሉኛል። ከስልኩ ይልቅ ግን የምፈራው የቤቱን በር ነበር። በኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰባስበው በማለዳ ይመጣሉ፤ ያውም ባለቤቱ ሳይሰማ ሌላው ሁሉ ሰምቶ። ሆስፒታሉ ውስጥ ደግሞ የሚሠሩ ሐበሾች አሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚያውቅ ማን ያውቃል?

አንድ ማለዳ ከምድር ቤት ስወጣ ጋሼን ሳሎን መስኮቱ ጋ አገኘሁት። ውጭ፣ በረዶው ላይ፣ ሦስት ሰዎች ወደ በራችን ይመጣሉ። መስቀል የያዙት የንስሐ አባታችን ከፊት፣ አንድ የሰበካ ሽማግሌ ከኋላ፣ ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት እናት ከሱ ኋላ። ሦስቱም በማስክ፣ ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው።

ደወሉ ጮኸ። ወደ በሩ ሄድኩ። ጋሼ ቀደመኝ። ጀርባውን በሩ ላይ ለጥፎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«አትክፈቺ» አለኝ።

«ጋሼ…»

«አትክፈቺ አልኩ! ካልነገሩን አልሞተችም።»

ደወሉ እንደገና ጮኸ። ፊቴ የቆመው ሰውዬ የማውቀው ጋሼ አልነበረም፤ እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል፣ በሩን ግን አይለቅም። ስልኬን አውጥቼ ሆስፒታል ደወልኩ። አነሱት፤ ይጠብቁ አሉኝ፤ ሙዚቃ ለቀቁብኝ። ውጭ በሩ ይንኳኳል፤ የሚንኳኳው ደግሞ በሱ ጀርባ ላይ ነው።

ነርሷ መጣች። «እንደምን አደርሽ! ልደውልልሽ ነበር» አለች። «ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ገልጣለች። በራሷም ትንሽ ትንሽ መተንፈስ ጀምራለች።»

ጮህኩ። ለጋሼ ነገርኩት። «ትዋሺኛለሽ» አለኝ። «እንድከፍት ነው የምትዋሺኝ።» ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጌ፣ ነርሷን ስልኳን ወደ እትዬ ጆሮ እንድታስጠጋላት ለመንኳት። የማሽኑ ትንፋሽ ሳሎኑን ሞላው፤ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ። ጋሼ በበሩ ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰው ማውራት ጀመረ። ምስሩን እንዳሳረረው ነገራት። መኪናው በብርዱ አልነሳ እንዳለው ነገራት። አበቦቿን ውሃ ማጠጣት ረስቶ ሁለቱ እንደደረቁ፣ ስትመጣ እንድትቆጣው ነገራት። ነርሷ እስክትሰናበተን ድረስ አላቋረጠም።

ከውጭ የንስሐ አባታችን ድምፅ ተሰማ። «ኧረ ልጆቼ፣ ሰላም ነው! ልንጠይቃችሁ ነው የመጣን፤ በረድን!»

እትዬ በጸደይ ላይ ከኦክስጅኗ ጋር ቤቷ ገባች። ትንፋሿ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ቁጣዋ ግን ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። ያን ጠዋት ጋሼ በሩን በጀርባው ይዞ እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እንዳልነግራት አስምሎኛል። እሷ የምታውቀው ቄሱን በረዶ ላይ እንዳቆምናቸው ብቻ ነው፤ አንዷ ነግራታለች። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ታነሳበታለች። «ቄስ ደጅ ቆሞ እያንኳኳ የማይሰማ ወንድ አግብቼላችሁ!» ትላለች።

ጋሼ ራሱን ይነቀንቃል። «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» ይላታል።